የደጋፊው ምርጫ፦ ሰባት ቁጥር

1.

«ቁመት ጨምሯል» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«ማን?»

«ሰባት ቁጥር ነዋ! ከእረፍት በፊት የተከላካዩ ብብት ሥር ነበር። አሁን እዩት፣ ከላይ ወደ ታች ያየዋል።»

«ልጅ ሲሮጥ ይለጠጣል» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሱ።

እኔም ጸሐፊ ነኝና ጻፍኩ። ቁመት፦ በጨዋታ መሐል ይጨምራል። አምስት ነጥብ።


2.

አንባቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታሪክ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። እኔ የምችለው ቃለ ጉባኤ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ደግሞ ሁሉም ነገር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጠቡም፣ ስድቡም፣ «ሌሎች ጉዳዮች» የሚባለውም። ሰው አንድን ነገር ቁጥር ከሰጠው በኋላ የገባው ይመስለዋል። የጣጣችን መነሻ እሱው ነው፤ ግን ከራሴ አልቅደም።

ቡድናችን ወይራ በር ከነማ ይባላል። መፈክራችን «ወይራ አይታጠፍም» ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወርደናል። መፈክሩ ግን አልዋሸም፤ አልታጠፍንም፣ ቀጥ እንዳልን ነው የወረድነው።

በክለቡ ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት በየዓመቱ አምስት ታዳጊዎች ወደ ካምፕ ይገባሉ። አራቱን አሰልጣኞቹ ይመርጣሉ፤ አምስተኛውን የደጋፊዎች ማኅበር። የተመረጠ ልጅ ሦስት ዓመት ካምፕ ያድራል፣ ይበላል፣ ይማራል፣ ታኬታ ይሰጠዋል። ያልተመረጠ ልጅ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ይህ መብት የተሰጠን አሰልጣኙን መስደብ እንድናቆም ነው። በእርግጥም አቁመናል። አሁን የምንሰዳደበው እርስ በርሳችን ነው።


3.

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ

ሊቀመንበር፦ ጋሽ ዘውገ፣ ፀጉር አስተካካይ። ስብሰባ የሚደረገው በፀጉር ቤታቸው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ግማሽ ራሱ የተላጨ አንድ ሰው ውይይቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ሥነ ሥርዓት፦ እትዬ አልጣሽ፣ በስታዲየም ቆሎ ይሸጣሉ። አርባ ዓመት ኳስ አይተዋል ይባላል፤ ለገዢ ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን አብዛኛው ጎል የገባው ከጀርባቸው ነው። ያም ሆኖ ከሁላችንም የበለጠ ያውቃሉ።

ቴክኒክ፦ ፍሬሰንበት። እውቀቱ ከስልኩ ነው። የእንግሊዝ ቡድኖች እሱን ሳያማክሩ ተጫዋች መግዛታቸው ዘወትር ያስቆጨዋል።

ጸሐፊ፦ እኔ፣ ደምመላሽ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተመረጥኩት ፕሪንተር ስላለኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ቢኖር እስካሁን ይነግሩኝ ነበር።


4.

ቀደም ሲል የመረጥናቸው

በሱፈቃድ፣ አጥቂ። ያልነው፦ «አገሪቱ እንዲህ ያለ ቀኝ እግር አይታ አታውቅም።» አሁን ባጃጅ ይነዳል። ጨዋታ ሲኖር ወደ ስታዲየም የሚያደርሰን እሱ ነው። መንገድ ላይ ስለ ኳስ አናወራም።

ሚናስ፣ ግብ ጠባቂ። ያልነው፦ «በር ነው!» በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አልጠየቅንም።

ሦስተኛው*፣ አማካይ። ያልነው፦ «አይረባም፣ ግን ሌላ የለም።»

* ስሙን ላለመጥራት በቃለ ጉባኤ ቁጥር 31 ተስማምተናል። ለጎረቤት ከተማ ቡድን ተሰልፎ አራት አግብቶብናል።


5.

ስለ ምልመላው ቀን።

አርባ አራት ልጆች መጡ። ክለቡ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ማሊያ ሃያ ሁለት ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያውን አጋማሽ ይጫወታሉ፤ እረፍት ላይ ላብ የጠጣውን ማሊያ አውልቀው ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ሃያ ሁለት ይለብሱትና ሁለተኛውን አጋማሽ ይጫወታሉ። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኛም እናውቃለን።

ድሮ ልጆቹን የምንለየው በፀጉር ነበር። «ያ ጎፈሬው»፣ «ያ ቁንጮው» እንል ነበር። ዘንድሮ ግን «ወደ ዘመናዊ አሠራር እንሸጋገር» ተባለና ሁለት ማሻሻያ አደረግን።

አንደኛ፣ ጋሽ ዘውገ በምልመላው ዋዜማ አርባ አራቱንም ልጆች በነፃ ላጯቸው። ሥርዓት ያላቸው እንዲመስሉ ነው። መሰሉም። አርባ አራት እንቁላል።

ሁለተኛ፣ እኔ የነጥብ መስጫ ቅጽ አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ የማሊያ ቁጥር አንድ ቅጽ። ባለ ሠንጠረዥ፣ ባለ ርዕስ፣ ጥርት ያለ ህትመት።

ሁለቱም ማሻሻያዎች ለየብቻቸው ጥሩ ነበሩ።


6.

የነጥብ መስጫ ቅጽ — የማሊያ ቁጥር፦ 7

በግራ እግር መምታት፦ 20 ከ20።
ቴስታ፦ 20 ከ20። (ሦስት ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ሁለቱን አግብቷል።)
ትንፋሽ፦ 20 ከ20። (ከእረፍት በኋላ ገና እንደጀመረ ሰው ይሮጣል።)
ፍጥነት፦ 14 ከ15።
ባሕርይ፦ 12 ከ15። (በመጀመሪያው አጋማሽ ይስቃል፤ በሁለተኛው አይስቅም። በስሏል።)
ቁመት፦ 5 ከ10። (ይጨምራል።)
ድምር፦ 91።

አሁን እርስዎ እየሳቁ ነው። ይሳቁ። እኛ ግን ፀሐይ ፊታችንን እየመታን፣ ጥላ የሌለው ስታዲየም ውስጥ፣ በአቧራ መሐል ቁጥር ብቻ ፈልገን እንጽፍ ነበር። ቅጽ የያዘ ሰው ዓይኑን አያምንም።


7.

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 58። ቦታ፦ ጋሽ ዘውገ ፀጉር ቤት። ጊዜ፦ ቅዳሜ ረፋድ። የተገኙ፦ አራቱም፣ እንዲሁም ግራ ጎኑ ብቻ የተላጨ አንድ ደንበኛ።

ጋሽ ዘውገ፦ ሰባት ቁጥር። አለቀ። ወደ ሌሎች ጉዳዮች እንለፍ።

ፍሬሰንበት፦ አላለቀም ጋሽ ዘውገ። አሥራ አንድ ቁጥርን ረሱት? ዘመናዊ ተጫዋች ነው። ኳስ ሳይነካ ቦታ ይይዛል።

እትዬ አልጣሽ፦ ኳስ ሳይነኩማ እኔም አርባ ዓመት ቦታ ይዣለሁ።

ፍሬሰንበት፦ እትዬ፣ ይሄ ሳይንስ ነው።

እትዬ አልጣሽ፦ ሚናስም ሳይንስ ነበር።

(ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። ስለ ሚናስ ሲነሳ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።)

ጋሽ ዘውገ፦ ስሙኝ፤ ግራ እግሩን አያችሁ? እሺ፣ ቴስታውን አያችሁ? አየር ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል እኮ!

ፍሬሰንበት፦ ዘጠና አንድ ነጥብ በታሪካችን ከፍተኛው ነው፣ እሱን አልክድም።

እትዬ አልጣሽ፦ ቅጽ ከሞላን ገና ሳምንታችን፣ የምን ታሪክ ነው? እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ለአንድ ልጅ እንዴት ይሰጣል? እግዜር አንዱን ሲሰጥ አንዱን ይነሳል።

ጋሽ ዘውገ፦ አልጣሽ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ጥሩ ነገር ሲመጣ ዝም ብለሽ ተቀበዪ!

ደንበኛው፦ ጋሽ ዘውገ፣ ቀኙስ?

ጋሽ ዘውገ፦ ቆይ አንተ! ኳስ ላይ ነን።

ውሳኔ፦ ሰባት ቁጥር በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። ደንበኛውም እጁን አውጥቶ ነበር፤ አልተቆጠረም።

ስሙን አልጠየቅንም። ስም የክለቡ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው ብለን ማኅተም መታንበትና ላክነው። ክለቡም ከአራቱ ስሞች ሥር እንዲህ ብሎ በር ላይ ለጠፈ፦ «የደጋፊው ምርጫ፦ ሰባት ቁጥር። ሰኞ ይቅረብ።»


7.

(ቁጥሩን አልተሳሳትኩም። ይህም ሰባት ነው።)

ሰኞ ጠዋት ሁለት ልጆች በክለቡ በር ላይ ቆሙ። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም። ሁለቱም ራሳቸው የተላጨ ነው። ሁለቱም ልብሳቸውን በፌስታል ይዘዋል።

«ሰባት ቁጥር ማነው?» አለ ዘበኛው።

«እኔ» አሉ ሁለቱም። አንዳቸውም አልዋሹም።

ዘበኛው ጋሽ ዘውገን አስጠራ፤ እሳቸው እኔን አስጠሩ። ስደርስ ጋሽ ዘውገ አጭሩን ያያሉ፣ ረጅሙን ያያሉ፣ እንደገና አጭሩን ያያሉ። በገዛ እጃቸው የላጯቸው ሁለት ራሶች ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደምመላሽ፣ ቅጽህ ላይ ‹አጋማሽ› የሚል ቦታ የለም እንዴ?»


8.

የለም።


9.

አጭሩ ኪሩቤል ማንደፍሮ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩ፣ ሳቁና ተከላካይ የሚያታልልበት አብዶው የእሱ ናቸው። የደጋፊው ምርጫ መሆኑን የሰማ ዕለት አባቱ በግ አርደው ጎረቤት ጠሩ። በጉ ተበልቷል፤ ጎረቤትም መርቆ ሄዷል።

ረጅሙ አንዷለም ሽብሩ ነው። ከሁለት ወር በኋላ አሥራ ሰባት ይሞላዋል፤ ምልመላው ደግሞ አሥራ ሰባት ያልሞላውን ብቻ ነው የሚቀበለው። የዘንድሮው የመጨረሻው ነው። ቴስታው የእሱ ነው። ሁለተኛውን ጎል በመጨረሻው ደቂቃ ገጭቶ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ፤ ሰኞ ዕለት የመጣው እያነከሰ ነው። እኛ በቅጹ ላይ «ጎሉን አክብሮ ሣሩ ላይ ተኛ» ብለን ጽፈንለታል።

ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። እረፍት ላይ ኪሩቤል ማሊያውን ሲያወልቅ ክምሩ ላይ መጣል ነበረበት። አልጣለም። «እንካ፣ ይሄ ገድ አለው» ብሎ ለአንዷለም ወረወረለት።


10.

ከክለቡ የመጣ ደብዳቤ፣ ሙሉ ቃሉ፦

«ቦታው አንድ ነው። እስከ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት የአንድ ልጅ ስም ካልደረሰን ቦታው ይታጠፋል።»

ወይራ አይታጠፍም። ቦታው ግን ይታጠፋል።


11.

የታሰቡ መፍትሔዎች

ሀ. እንደገና ማጫወት። አንዷለም በአንድ እግሩ እስከ ሐሙስ እንዴት እንደሚጫወት የጠየቀ የለም፤ ከእትዬ አልጣሽ በቀር። ወደቀ።

ለ. ዕጣ ማውጣት። «ልጅ ነው እቁብ?» አሉ እትዬ አልጣሽ። ወደቀ።

ሐ. ሁለቱንም መላክ። አልጋው አንድ ነው ተባለ። ፍሬሰንበት «ታዲያ በአጋማሽ በአጋማሽ ይደሩበታ» አለ። ማንም አልሳቀም። ለቀልድ ያለው እንዳልሆነ ከፊቱ አየን።

መ. ነጥቡን ማካፈል። ትንፋሹን ሰረዝነው፤ ከአርባ አምስት ደቂቃ በላይ የሮጠ ልጅ የለምና። ሰባ አንድ ቀረ። ለሁለት ሲካፈል ሠላሳ አምስት ተኩል። «ይኸውላችሁ!» ብሎ ዘለለ ፍሬሰንበት፣ «አሥራ አንድ ቁጥር እኮ ስልሳ ስምንት ነበረው!»

ያኔ ነው አሥራ አንድ ቁጥርም ሁለት ልጅ መሆኑ ትዝ ያለን።

ስምንት ቁጥርም። አምስት ቁጥርም። ሃያ ሁለቱም ቅጾች። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ እየተሰዳደብን፣ ያወዳደርነው እናት ያልወለደቻቸውን ሃያ ሁለት ልጆች ነው።


12.

እዚህ ላይ ለእርስዎ አንድ ነገር ልንገርዎት። እስካሁን የቀለድኩት አፍሬ ነው። ሰው ሲያፍር ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይቀልዳል፤ ጋሽ ዘውገ ቁጣውን ቀድመው ወሰዱት። ማሊያው እንደሚቀየር እያወቅሁ ቅጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ መስመር ነበር የጎደለው። ለሠንጠረዡ ጠርዝ ውበት ስል ግማሽ ቀን ተጨንቄያለሁ፤ ስለዚያ መስመር ግን አንድ ደቂቃ አላሰብኩም።


13.

ቃለ ጉባኤ ቁጥር 60። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ደንበኛ የለም፤ ወሬው ከተማውን ስላዳረሰ ፀጉሩን ለጋሽ ዘውገ የሚያምን ጠፍቷል።

ጋሽ ዘውገ፦ ኪሩቤል። ግራ እግር አይሠለጥንም፣ ይዘውት ነው የሚወለዱት። ደግሞ አባትየው በግ አርዶ ጎረቤት አብልቷል። ምን ብሎ ቀና ይላል?

እትዬ አልጣሽ፦ አንዷለም። ትንሹ ሌላ ዓመት አለው። ይሄኛው ግን የለውም። እግሩንስ የት ጎዳው? እኛ ቅጽ ስንሞላለት አይደለም?

ጋሽ ዘውገ፦ በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ ራሱ ይኑር አይኑር በምን አውቀሽ?

እትዬ አልጣሽ፦ እሱማ እውነትህን ነው።

ፍሬሰንበት፦ እኔ ድምፀ ተአቅቦ።

እትዬ አልጣሽ፦ ምን ማለት ነው?

ፍሬሰንበት፦ ልጆቹን ለይቼ አላስታውስም ማለት ነው፣ እትዬ። እናንተ ታስታውሳላችሁ?

(ጋሽ ዘውገ ያልተነካውን መቀስ ይጠርጉ ጀመር።)

ጋሽ ዘውገ፦ አንድ ለአንድ ነን። ደምመላሽ፣ አንተ ምረጥ።

እኔ፦ በደንቡ መሠረት ጸሐፊ ድምፅ የለውም፣ ጋሽ ዘውገ።

ውሳኔ፦ ደንቡ ተሻሽሏል። ማሻሻያው አምስት ደቂቃ ፈጅቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፅ ይሰጠኝ ብዬ ስለምን ጊዜ የለንም ይሉኝ ነበር።


14.

ሐሙስ ጠዋት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ። ሁለቱ ልጆች አብረው መጡ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ በዚህኛው ላይ የጨመርኩት የለም።

ኪሩቤል፦ ጋሼ፣ የትምህርት ማስረጃ ሁለት ሁለት ኮፒ አምጡ ተብለን ነው።

እኔ፦ ሁለታችሁም?

አንዷለም፦ የተመረጠው ነው የሚያመጣው። ማን እንደሆነ ስላላወቅን የሁለታችንንም ያንሱልን።

(ማሽኑ እስኪሞቅ ጠበቅን።)

እኔ፦ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። ከሁለታችሁ ማን ይሻላል?

ኪሩቤል፦ እኔ።

አንዷለም፦ እኔ እሻላለሁ፣ ጋሼ።

ኪሩቤል፦ በቴስታ ነው የሚበልጠኝ።

አንዷለም፦ እሱ በግራ ይበልጠኛል። አልዋሽም።

እኔ፦ አንዳችሁ ስትቀሩስ? አትጣሉም?

ኪሩቤል፦ እኔንጃ። ቀርተን አናውቅም።

(አራቱን ወረቀት ሰጠኋቸው። አንዷለም እያነከሰ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ።)

አንዷለም፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት? የሚቀረውን በር ላይ አይለጥፉት። ባለፈው ቁጥር አይተን ነው የመጣነው። ለሚቀረው ልጅ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ይንገረው።

እኔ፦ እሺ።

ኪሩቤል ወረቀቱ ያለበትን ፌስታል ተቀበለውና ትከሻውን ሰጠው። ተደጋግፈው ሄዱ። ከኋላ ሲታዩ፣ የተላጨው ራሳቸው አድጎ ጥቁር ጥቁር ማለት ጀምሯል፤ የኪሩቤል ከርዳዳ ነው፣ የአንዷለም ለስላሳ። አሁን ከየትም ሆኜ እለያቸዋለሁ።


15.

አሁን ሐሙስ ነው፤ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ጋሽ ዘውገ ማኅተሙን ላኩልኝ፤ ራሳቸው አልመጡም። እትዬ አልጣሽ አንድ ስኒ ቆሎ ላኩ። ፍሬሰንበት ስልኩን ዘግቷል።

አዲስ ቅጽ ሠርቻለሁ። ጠርዙ አያምርም። ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን መስመር ማንም ጸሐፊ ያስባቸዋል። ሦስተኛውን ያስጨመረኝ አንዷለም ነው።

እኛ አራታችን ስታዲየም ውስጥ ተቀምጠን አንዱንም አላየንም። እርስዎ ግን ሁለቱንም ለየብቻ አይተዋቸዋል። ሌላ እንዲህ ያየ ሰው በከተማው ውስጥ የለም። እስክሪብቶው ይኸውና።


የተመረጠው ልጅ ስም፦ ______________________


የመረጠው ሰው ስም፦ ______________________


ያልተመረጠው ልጅ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ዓይኑን እያየ የሚነግረው ሰው ስም፦ ______________________